የትንሿ ጋላክሲ ክብደት

ዘቢደር ስትናደድ አትጮህም፤ ድምጿ ይቀንሳል። የሉማሜ ተማሪዎቿ ይህን ስለሚያውቁ፣ መምህርታቸው ዝቅ አድርጋ መናገር ስትጀምር ክፍሉ ጭጭ ይላል። ዶክተር ይሄይስ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አማካሪዋ ሆነው ይህን አላወቁም። ምን አስጨነቃቸው!

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሉማሜ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቃ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ማስተርሷን ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ አንዲት ትንሽ ጋላክሲ መመዘን ነው። አምበር ከተማ አጠገብ የሚያርሱት አባቷ ወልደ ሚካኤል፣ በምን ሚዛን ልትመዝኛት ነው ብለው ሲስቁባት፣ ሰብል ሲጠብቁ የሚያሽከረክሩትን ወንጭፍ አስታወሰቻቸው። ወንጭፉ በፈጠነ ቁጥር እጅን አጥብቆ ይጎትታል፤ ድንጋዩ የማያመልጠው እጅ ስለያዘው ነው። የጋላክሲም ከዋክብት በፈጠኑ ቁጥር፣ እንዳይበተኑ የሚይዛቸው ክብደት የዚያኑ ያህል ብዙ መሆን አለበት፤ አብዛኛው ደግሞ በዓይን አይታይም። ከባድ ጋላክሲዎች ጥቂት ናቸው። ቀላሎቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ደብዛዛ ስለሆኑ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። እሷ የመረጠቻቸውም ለዚህ ነበር።

ስሌቱ ሲያልቅ ጉድ ተባለ። ትንሿ ጋላክሲ ከተገመተው አሥር እጥፍ ከብዳ ተገኘች። ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ በወሩ አዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ ላይ "ያገኘሁት ውጤት" ብለው አቀረቡት። የዘቢደር ስም በምስጋናው ገጽ እንኳ የለም። ስትጠይቃቸው የተማሪ ሥራ የአማካሪ ሥራ ነው፣ አርፈሽ ተመረቂ አሏት። አርፈሽ! የሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁዷን በልተው አርፈሽ!

እጇ ያላረፈበት ቁጥር እንደሌለ ልታሳያቸው ስሌቱን ከሥሩ ጀመረችው። የቴሌስኮፑን መዝገብ ገለጠች። የጋላክሲዋ አንድ ጎን የታየበት ቀን ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ዶክተሩ ቀኑን በእጃቸው 12/5 ብለው ጽፈዋል። ሌላው ገጽ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እሷ ሜይ 12 ብላ አስገብታው ነበር። አሁን ግን ኅዳጉ ላይ፣ በራሳቸው ጽሕፈት፣ "የጥምቀት ማግስት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ" የሚለውን አየች።

ጥር 12! መሬት በጥር ወደ ጋላክሲዋ ትሄዳለች፣ በሜይ ትርቃታለች፤ የመሬት ጉዞ ከአንዱ ጎን ብቻ በተሳሳተ ቀን ስለተቀነሰ፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያልነበረ የፍጥነት ልዩነት ተፈጥሯል። አስተካክላ ስታሰላው ጋላክሲዋ እንደ እኩዮቿ ቀላል ሆነች። ያቺን ማስታወሻ መጀመሪያ ሳታስተውል ያለፈች እሷው ናትና በራሷም በገነች። ቢሆንም ሳትደብቅ ሄዳ ለዶክተሩ ነገረቻቸው።

በሳምንቱ የትምህርት ክፍሉ መምህራን ተሰበሰቡ። ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስሌቱን የሠራችው ተማሪያቸው ዘቢደር መሆኗን፣ ስህተቱም የእሷ መሆኑን አስረዱ። በዚያ አዳራሽ ስሟ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ተነሣች። ድምጿ ዝቅ አለ።

"ስትከብድ የእርስዎ፣ ስትቀል የእኔ ሆነች ማለት ነው? ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ በፈረንጅ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እኔ የራሴን ስህተት እፈርማለሁ፤ እርስዎም የራስዎን ይፈርሙ።"

እርማቱን ፈረመችና ወረቀቱን ከእስክሪብቶው ጋር ፊታቸው አኖረችው። ዶክተሩ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

የዘቢደር ምረቃ በአንድ ዓመት ተገፋ። እርማቱ ግን ታተመ፤ ትንሿ ጋላክሲም በትክክለኛ ክብደቷ ተመዘገበች። ከሥሩ ያለው ስም የዘቢደር ብቻ ነው፤ ለቀላል ጋላክሲ ስሙን የሚያውስ ሌላ ሰው አልተገኘም።