አብዱሰመድ ጋ ያደረው ሰዓት

አብነት ሰፈር «ሰዓት ሠሪው አብዱሰመድ የት ነው?» ብትሉ ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቅባችኋል። «አብዱ ጠርጥር» ካላችሁ ግን ሊስትሮው ሳይቀር ሥራውን ጥሎ ያደርሳችኋል። ስሙ የወጣለት «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» ከሚለው ተረት ነው፤ ያወጡለትም ከሱቁ ጎን ያሉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ታዲያ ውሸት አላሉም! ሰውየው ሲጠረጥር ልክ የለውም። ዝናብ ጣሪያውን ሲያንጠባጥብበት የሚረግመው ዝናቡን ሳይሆን ቆርቆሮ የሸጠለትን ሰው ነው። ሚስቱ ቀመሪያ፣ አላህ ትዕግሥት ያደላት ሴት፣ «ወጡ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?» ሲላት «መርዝ» ብላ ታቀርብለታለች። እሱም አሽትቶ አሽትቶ ይበላዋል።

ከደሴ የመጣው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። ሙያውን ያስተማረው የእህቱ ባል ነበር፤ ከሙያው ጋር አንድ ሕግ አብሮ አስተማረው፦ የሰዓት ጀርባ ባለቤቱ ሳያይ አይከፈትም። በዚህ ሥራ ከሌባ የሚከፋ ስም አለ፤ ዕቃ ቀያሪ። ኦርጅናሉን አውጥቶ ፎርጅዱን ከተተ የተባለ ሰው፣ ቢምል ቢገዘት የሚያምነው የለም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ አገር መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አብዱሰመድ ከጠረጴዛው ፊት አንዲት በርጩማ አስቀምጧል። ደንበኛው እሷ ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ከአብዱሰመድ እጅ ላይ አይነቅልም። ስልኩን አውጥቶ መነካካት የጀመረ እንደሆነ አብዱሰመድ ወረንጦውን ያስቀምጥና እጁን ያጣምራል። «ምነው?» ሲሉት «እርስዎ ካላዩ እኔም አልሠራም» ይላል። ሌላው ሠሪ ደንበኛ ሲጠረጥረው ይቆጣል፤ ይኼ ደግሞ ካልተጠረጠረ ይቆጣል። አይ የሰው ጠባይ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ስድሳ ያለፋት ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ወይዘሮ ወለተሰንበት ትባላለች። ግራ ቀኟን አየችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ሰዓት አወጣች። አብዱሰመድ ገና ሲያየው ልቡ ዘለለ። የስዊስ ሰዓት ነው፤ እንኳን በአብነት፣ በከተማውም ስንት ሰው እጅ ላይ እንዳለ እንጃ። መስታወቱ ረግፏል፣ ቆጣሪዎቹ ተጣመዋል፣ ጎኑን አስፋልት ፍቆታል።

«ባለቤቴ ከብስክሌት ወድቆ ነው» አለችው። «ሰንጋ ተራ ጋ፣ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ሲሄድ፣ አንዱ ስልኩን እያየ ድንገት ገባበት። ሰውየውን አድናለሁ ብሎ እሱ ተከሰከሰ። ክንዱ ተሰብሮ ተኝቷል።»

«እግዜር ይማርልዎ፣ እትዬ። ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ሊሞላው ነው። ተው ብለው አይሰማም!» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን መስታወቱን ቀይርልኝ፣ ቆጣሪውንም አቃናልኝ። ጀርባውን ግን አደራህን እንዳትከፍተው።»

በቃ! ይህን አብዱሰመድ ባይሰማው ይሻል ነበር። «ጀርባው ሳይከፈት? እትዬ፣ ጥርስ በጆሮ በኩል ይነቀላል እንዴ?» አላት፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያሰላው። ሰዓቱ የወንድ ነው፤ እሷ ግራ ቀኝ ታያለች፤ ጀርባው እንዲከፈት አትፈልግም። ይኼ ሰዓት ተሰርቋል! ወይ ከማን ቤት እንደተነሳ እንጃ፣ ወይ ደግሞ ሽማግሌው አልጋ ላይ ሲውሉ ሚስት ልትሸጥባቸው ነው።

«እንግዲያው ሰዓቱ እዚሁ ይቆይ» አለና መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈው። «ይኸው ስልክ ቁጥሬ፤ ባለቤቱ ይደውሉልኝ። የኔ ነው ይበሉኝና እሠራዋለሁ።»

ለመነችው። አልሠራም ካልክ መልስልኝ አለችው። እሱ ግን ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መስሎ ስትሄድ ልብስ ሰፊዎቹን በዓይኑ ጠቀሳቸው፤ ያዝኳት ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ ሰው ጠርጥሮ ልክ ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚለው የሚጠረጥር ሰው ያውቀዋል።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። «ሰዓቴን ያሰርከው አንተ ነህ?» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ። አቶ ኃይለመለኮት ነበሩ፣ ባልየው፤ ሚስታቸው ባዶ እጇን ስትመለስ ጠይቀው አውጣጥተዋታል። አብዱሰመድ ሕጉን ነገራቸው፤ ባለቤቱ ሳያይ አልከፍትም። ሰውየው ከልባቸው ሳቁ። «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን አለ? በል ነገ ዕቃህን ይዘህ ቤት ድረስ ና። እኔም ሲከፈት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ይኼ ሰዓት ከጥቂት ዓመት ወዲህ እጄ ላይ ቀለል ይለኛል፤ የልቤን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም።»

ማታ ለቀመሪያ ሲነግራት እሷ አልሳቀችም። «የሰው ዕቃ አሳደርክ?» አለችው። «ያደረ ዕቃ ነገር አያጣም።»

«ቆልፌበታለሁ እኮ!»

«እሱን የሚያውቀው አላህና አንተ ናችሁ።»

በማግስቱ ካቻቢቴውን፣ ወረንጦውንና መስታወቱን በቦርሳ ይዞ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ደረጃው ሥር ቆማ ትጠብቀው ነበር። እጁን ያዘችው፤ እንባዋ ቀደማት።

«ሰዓቱ ፎርጅድ ነው» አለችው። «ወንድሜ፣ በልጆችህ፣ እሱ አያውቅም። ኦርጅናሉን የሸጥኩት እኔ ነኝ። የዚህ ቤት ዕጣ ሲወጣልን ለቅድመ ክፍያው የሚሆን ቤሳ ቤስቲን አልነበረንም። ሰዓቱን እንሽጠው ብዬ ብለምነው፣ ይህን የተሸለምኩት ዕድሜዬን ሰጥቼ ነው፣ ቤቱ ይቅር አለኝ። በኪራይ ቤት ልንሞት ነው? ሸጥኩት! አንዲት ነጋዴ ቁርጥ እሱን የመሰለ ከዱባይ አመጣችልኝ። ለሱ ዕቁብ ወጣልኝ አልኩት። የተኛበት ቤት እኮ ሰዓቱ ነው።»

«ታዲያ እውነቱን አይነግሯቸውም?»

«አታውቀውም! የገዛ ወንድሙን በአንድ ውሸት አኩርፎ፣ ቀብሩም ላይ አልቆመም። ያወቀ ቀን ከዚህ ቤት ያስወጣኛል። በስድሳ ዓመቴ ወዴት እሄዳለሁ?»

አብዱሰመድ ደረጃውን ሲወጣ እንኳ ይጠረጥራት ነበር። እውነት ለቤት ነው የሸጠችው? ወይስ ገንዘቡን በልታ አሁን በእንባ ልታታልለኝ ነው? እንባ እንደሆነ ዋጋ የለውም፣ ማንም ያፈሰዋል።

ጋሼ ኃይለመለኮት በረንዳው አጠገብ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ቀኝ ክንዳቸው በጀሶ። ጎማው የተጣመመ ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፏል። «ና ግባ፣ ጠባይህ እንደኔው ነው!» ብለው በግራ እጃቸው ጨበጡት። «ቤቷን አየሃት? ጭንቅ ላይ ሳለን የሷ ዕቁብ ነው ያደረሰን። ሴት ካገባህ እንዲህ ያለችውን አግባ።» ወለተሰንበት ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። አብዱሰመድም ያን ጊዜ አመናት። ማመኑ ግን አላስደሰተውም፤ ምነው ሌባ በሆነችልኝ አለ በልቡ።

የተጣመሙትን ቆጣሪዎች እንደምንም አቃና፣ የመስታወት ስብርባሪውን ለቀመ፣ አዲሱን መስታወት ገጠመ። የሚቻለውን ያህል ጊዜ ወሰደ። «ጋሼ፣ የቀረውን ሱቅ ወስጄ…» ሲል ሰውየው አቋረጡት።

«እንዴት ተደርጎ! ባለቤቱ ሳያይ አልከፍትም ያልከው አንተ አይደለህም? ክፈተው እንጂ!»

በገዛ አፉ ተያዘ። ከፈተው።

ጋሼ ኃይለመለኮት መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ደግመው አዩ። «ስሙ የታለ?» አሉ። «እዚህ ላይ የፋብሪካው ስም ተቀርጾበት ነበር። ፒያሳ አንድ ጊዜ ሲከፈት በዓይኔ አይቻለሁ! ይኼማ የኔ አይደለም።» ቀና ብለው አብዱሰመድን አዩት፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። «ትናንት አንተ ጋ ነው ያደረው። ቀለለኝ ስልህ ጊዜ ሰበብ አገኘህ!»

ሁለት ቃል ይበቃው ነበር፤ ሚስትዎን ይጠይቁ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስሙ፣ እንጀራው፣ የእህቱ ባል ያስተማረው ሁሉ በነዚያ ሁለት ቃላት ይድናል። ግን ሴትዮዋን አያት። እኔ ሌላ ሰፈር ሄጄም ሰዓት እሠራለሁ፤ እሷ የት ትሄዳለች? ብሎ አሰበ። ደግሞ ተናደደ፤ ለምን እኔ! በየት አገር ነው ሰው በሌላ ሰው ዕዳ የሚሰቀለው? እየተናደደም አንገቱን ደፋ። አልወሰድኩም አላለም፤ ወሰድኩም አላለም።

«ተናገር!» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ክፍቱን ከተውነው አቧራ ይገባዋል። ልጨርሰው።»

እየሰደቡት ጨረሰው። ሌባ አሉት፣ ከይሲ አሉት፣ ስመ ጥሩ መስለህ ነው የምትዘርፈው አሉት። እሱ የላላውን ብሎን አጠበቀ፣ በአስፋልቱ የተመታውን፣ ውስጡ የሚወዛወዘውን ሚዛን አስተካከለ። ሰዓቱ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና አንሶላቸው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ሰውየው በግራ እጃቸው ስልካቸውን ይፈልጋሉ፤ «ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ ነው! አሁን ነው የማሳይህ!»

ይሄኔ ወለተሰንበት ተንቀሳቀሰች። መጥታ ስልኩን ከእጃቸው በቀስታ ወሰደች። አብዱሰመድ አሁን ትናገራለች ብሎ ትንፋሹን ያዘ።

«ተወው» አለች። «ክንድህ ሳይድን ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ልትንከራተት ነው? ለልደታ ስጠው፣ እሷ ትፍረድበት።» ከዚያ አብዱሰመድን ፊት ለፊት አየችው፤ ዓይኗ ደርቋል፣ የደረጃው ሥር እንባ አንድም አልቀረበትም። «እኔማ ገና ሱቁ ሄጄ ፊቱን ሳየው ጠርጥሬው ነበር።»

አብዱሰመድ በዕድሜው ብዙ ተሰድቧል፤ እንዲህ ግን ተቃጥሎ አያውቅም። ጆሮው ጋለ። አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ጀሶውን ታቅፈው የሚስታቸውን ትከሻ ተደግፈው ነበር፣ እሷም ትራሱን ታስተካክልላቸዋለች። አፉን መልሶ ዘጋው። ወረንጦና ካቻቢቴውን እየለቀመ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ወሬው ከሱ ቀድሞ አብነት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ለቀመሪያም ምን እንደሚላት ከአሁኑ ቸግሮታል።

እሷ እስከ በሩ ሸኘችው። ውጭ ሲወጣ ቢያንስ አንድ ቃል ሹክ የምትለው መስሎት፣ ደረጃው አፍ ላይ ዞር ብሎ ቆመ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ቁልፉ ተሽከረከረ፤ ቀጥሎ የላይኛው መቀርቀሪያ፤ ቀጥሎ የታችኛው። ለሌባ እንደሚዘጋው አድርጋ ነበር የዘጋችው።