ያልመጣው ጎርፍ

ዛሬ ጠዋት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ የጎርፍ ቪዲዮ ላክሁ። ከሥሩም «ሮቢ ወንዝ ሞልቷል፣ እንዳትሻገሩ!» ብዬ ጻፍኩበት። ብዙም ሳይቆይ ደብረ ብርሃን ያለችው የልጅ ልጄ ሃና፣ «አባባ፣ ቪዲዮው ላይ ጀልባ አለ እኮ! ሮቢ ላይ ጀልባ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። ደግሜ ባየው እውነትም ጀልባ፤ ያውም ባለ ሁለት ፎቅ። ለካ መጀመሪያ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ነበር ያየሁት። ግሩፑ በሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ሃና ግን ቁም ነገረኛ ናት፤ «ለመሆኑ ሳያጣሩ ለምን ላኩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ ልጽፍ ስል እትዬ ዘይነባ ትዝ አሉኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ ሮቢ ወንዝ ዳር የአባቴን በቆሎ ከዝንጀሮ እጠብቅ ነበር። እጠብቅ ነበር ስል፣ እሸቱን እየጠበስኩ የምጨርሰው እኔው ነኝ፤ ዝንጀሮዎቹ የሚሰርቁት ከእኔ የተረፈውን ነው። በነሐሴ የእኛ ቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው በፀሐይ ግሎ እያለ፣ ዝናቡ ከበላያችን ደጋው፣ ጣርማ በር ላይ ይወርዳል። ጎርፉ ያለ ደመና ከች ይላል። ስለዚህ ከላይ ያየ ሰው «ውሃ!» ብሎ ይጮኻል፤ የሰማው ለበታቹ ያቀብላል። «በዓይንህ አይተሃል ወይ?» መባባል የለም፤ እስኪጠያየቁ ውሃው ይደርሳል።

አንድ ቀን እሸቴን እየጋጥኩ ጩኸቱ ደረሰኝ። ቁልቁል ሳይ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከሴቶች ጋር ወንዙን እየተሻገሩ ነው። የአንዲት ልጃቸው የዘሃራ ኒካህ ማዶ በአጎቷ ቤት ሊታሰር ነው፤ የድግሱ ወጥ በሁለት ድስት አህያ ላይ ተጭኗል። አፌ እንደሞላ «ውሃ! ውሃ መጣ!» አልኩ። ሴቶቹ እሪ ብለው ወደ ኋላ ሮጡ፤ አህያዋ ደነበረች፤ አንዱ ድስት ወድቆ እንክትክቱ ወጣ።

ቆመን ጠበቅን። ውሃው መጣ፤ ዶሮ የምትሻገረው፣ ተረከዝ የማያርስ።

«ጎርፍህ ይኸው ነው? በል ፊትህን ታጠብበት!» አለች አንዷ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ዘይነባ አሸዋ የጠጣውን ወጥ ትክ ብለው አዩት። እንግዳው ማዶ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ከላይ ሲጮኹ ሰምቼ ነው፣ እትዬ።»

«ሰምተህ ዝም ብትለኝ ነበር የምቀየምህ፤ ውሃውማ የአላህ ነው። በል የተረፈውን ተሸከም፤ አህያዋ ከእንግዲህ አታምንህም!»

ተሸከምኩ። ማዶ ስንደርስ ወጡን በፈላ ውሃ አቅጥነው ለሁሉም አዳረሱት። ኒካሁ ታሰረ፤ ሳይበላ የተነሳ ሰው አልነበረም። እኔማ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ለሃና፣ «ወሬው እኔ ጋ ደርሶ ቢቀርና አንዳችሁ ወንዙ ውስጥ ብትሆኑስ?» ብዬ ጻፍኩላት። ሰው ወሬ የሚያቀብለው ዐዋቂ ለመምሰልም ነው፣ አልዋሽም፤ ይበልጡን ግን ከበታቹ ያለ የሚወደው ሰው ትዝ ስለሚለው ነው። ብቻ ያኔ የሚጮኸው አንድ ወንዝ ነበር፤ ዛሬ የዓለም ወንዝ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል።

ዘሃራ አሁን አያት ሆናለች። ባገኘችኝ ቁጥር «የእማዬ ድስትስ?» ትለኛለች። «በሚቀጥለው ገበያ እተካለሁ» እላታለሁ። ገበያው በየሳምንቱ ይመጣል፤ ድስቱ ግን እስካሁን አልመጣም።