የአሳማሪው ጉንጭ

ፎቶ አንሺውን ሰፈሩ ሁሉ «አሳማሪው» ነበር የሚለው። ፎቶ ቤቱ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከመጣ አንዱ ደጅ ይጠብቃል። ግን እዚያ ገብቶ ከነጉድለቱ የወጣ ሰው አልነበረም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ የታጠበው ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ብጉር ያጠፋል፣ ጠባሳ ይደመስሳል፣ የተኳረፈ ቅንድብ ያስታርቃል።

ዘመኑ የፊልም ካሜራ ነው። ወር በባተ ቁጥር መብራቱን ለመሞከር ራሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ሚስቱ ታነሣዋለች። አጥቦ፣ አሳምሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ሰሞን ጉንጩ ላይ ቀላ ያለ እብጠት ወጣ። አያምም፣ አያሳክክም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ይየው» አለችው ሚስቱ።

«ቡግንጅ ነው፤ እንግዳ ነው፣ እንደ አመጣጡ ይሄዳል።»

«በኛ ቤት እንዲህ ቶሎ የወፈረ እንግዳ አላየሁም» ብላ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሐኪም ቤት እየጎተተች ወሰደችው።

ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት። እብጠቱን ዳሰሰች፤ አንገቱ ሥር ንፍፊት ፈለገች።

«አባባ፣ መቼ ጀመረዎት? የቆየ ከሆነ ተራ ይጠብቃል። በወራት ያደገ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ናሙና ቆርጬ መላክ አለብኝ።»

ሚስቱ «ሁለት ወር» አለች። እሱ «ኧረ ዓመት ይሆነዋል» አለ። ሲከራከሩ ቆዩና ድንገት ፊቱ በራ፤ «በየወሩ የተነሣሁት አለ አይደል!» ብሎ ሄዶ ክምሩን ይዞ መጣ።

ሐኪሟ አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች።

«ይሄ የመቼ ነው?»

«የዚህ ወር። አምስት ቀኑ ነው።»

«በዚህ ከሄድን ዛሬም ምንም የለብዎትም።»

እጁ ለምዶበት፣ የገዛ ፊቱንም እንደ ደንበኛ ፊት ጠርጎት ኖሯል።

ሚስቱ ወጥታ ፊልሞቹን ይዛ ተመለሰች። ብሩሹ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ፊልሙን አይነካም። ሐኪሟ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻቸው። ከሦስት ወር በፊት ጉንጩ ልሙጥ ነው። ቀጥሎ የሰናፍጭ ፍሬ። ቀጥሎ ምስር። የዚህ ወሩ ሽምብራ።

«እንዴት አሰቡት፣ እማማ?»

«ሠላሳ ዓመት ከአሳማሪ ጋር የኖረች ሴት፣ እውነቱ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች።»

ናሙናው በዚያው ቀን ተቆረጠ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አልደበቀችውም፤ ካንሰር ነው፣ የቆዳ፣ ብዙውን ጊዜ ፊትና አንገት ላይ የሚወጣ፣ ሳያም የሚሮጥ።

«ከስንት ሺህ ሰው አንዱን ነው የሚይዘው» አለችው።

«ዕድሜ ልኬን ሎተሪ ደርሶኝ አያውቅም» አለ እሱ። የኮቱን ቁልፍ ግን መቆለፍ አቃተው፤ ሚስቱ ቆለፈችለት።

እብጠቱን ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ሰፋ አድርገው አወጡት። ከአንገቱ ሥር ለምርመራ የወሰዱት ዕጢ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ለሳምንታት ጨረር ተሰጠው። ሐኪሟ ስታሰናብተው፣ ለክትትል ሲመጣ ብሩሽ ያልነካው ፎቶ እንዲያመጣ አስጠነቀቀችው።

ወር ባተና ይዞ ቀረበ። ጠባሳው ከነስፌቱ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሟ ደስ ብሏት አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ራሱን ተመለከተች፤ ተመልሳ ፎቶውን።

«አባባ፣ ሽበቱስ የት ሄደ?»

«እሱን እርስዎ አያክሙትም» አለ አሳማሪው።