የውሃ ዳኛው ተራ

ሞላ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ዳኛ ሆኖ ሲያገለግል የራሱን ማሳ ያጠጣው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

እሱ የሚኖርባት ቀበሌ ከጎብዬ ወደ ምሥራቅ ወረድ ብላ ሜዳው ላይ ናት። ዝናቡ የሚዘንበው ግን እዚያ ሳይሆን ማዶ ተራራው ላይ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ይወርዳል፤ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ማሽላው ላይ ይለቀዋል። ጎርፉ ቢቆይ ሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ውስጥ ማን ይቅደም ማን ይከተል የሚለው ነገር የአንድ እናት ልጆችን አካፋ ያማዝዛል። ለዚህ ነው ዳኛ ያስፈለገው።

ሕጉ አጭር ነው። ተራህ ሲደርስ ቦይህን ጠርገህ፣ አካፋህን ይዘህ ማሳህ ዳር ትገኛለህ። ካልተገኘህ ውሃው ለሚቀጥለው ያልፋል፤ አንተ ከሁሉም፣ ከዳኛውም ኋላ ትሰለፋለህ። ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ቆቦ ገበያ ወጥቼ ነበር ማለት አይሠራም። ዳኛው ደግሞ ከማንም በፊት ደርሶ በተራው ከተገኘው ሁሉ በኋላ ያጠጣል። አንዳንድ ዓመት ለሞላ የሚደርሰው ዝቃጩ ብቻ ነበር። ሚስቱ ጥሩወርቅ፣ "ዳኝነትህ የሰውን ጎተራ ሞላ እንጂ የእኛንማ መች አየው!" እያለች ታሾፍበታለች። ታሾፋለች እንጂ ትኮራበት ነበር።

ሰዉ ለወረዳ ምክር ቤት የመረጠውም በዚሁ ነው። መጨረሻ የሚያጠጣ ሰው አይከዳንም አሉ፤ እሱም ኮቱን አስተኩሶ ሄደ። ሁለት ዓመት ያህል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሌላው እጁን ሲያወጣ እጁን ከማውጣት በቀር የሠራው ነገር አልነበረም። ስብሰባ ላይ የሚነገረው አማርኛ ራሱ ይከብደው ነበር።

በጥቅምት ግን የጤና መድህን ደንብ ለውይይት ቀረበ። ሕመምተኛው ጤና ጣቢያውን እየዘለለ ትልቁን ሆስፒታል አጨናነቀ፣ ሪፈር የተጻፈለትም ወረቀቱን ወራት ያስቀምጣል፣ ሲያሻው ለዘመዱ ያውሰዋል ተባለ። ሞላ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። የሚያውቀው ነገር መጣ፤ ይህ የተራ ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥቶ ተናገረ።

"ወረቀቱ ቀን ይኑረው። ዐሥር ቀን ይበቃል። በዐሥር ቀን ውስጥ ያልታየ ሰው ወረቀቱ ይሰረዝና ከጤና ጣቢያው እንደ አዲስ ይጀምር። እኛ ዘንድ ውሃው እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ተጣልተንም አናውቅም።"

አዳራሹ አጨበጨበለት። ሐሳቡ በደንቡ ገባ። እንደ እውነቱ ከሆነ ማንም ቢሆን የሚያጨበጭብለት ሐሳብ ነበር፤ ሕመም እንደ ጎርፍ ወርዶ የሚያልፍ ነገር እንዳልሆነ ያን ቀን ያሰበ የለም።

ቀጥላ ሀስና ተነሣች። ሀስና ከዋጃ መንገድ የተመረጠች፣ እህል ነጋዴ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

"እዚህ መጨረሻው ላይ ያለችው አንቀጽ ምንድን ናት? የምክር ቤት አባላትና የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በድጋፍ ደብዳቤ በቀጥታ ሆስፒታል ይታከማሉ ትላለች። ደንቡን የምናወጣው እኛ፣ ደንቡ የማይነካንም እኛ? ወላሂ ነውር ነው!"

ሰዉ ሳቀ። አፈ ጉባኤውም እየሳቁ ድምፅ አሰጡ። አንቀጿ ትውጣ ብለው እጃቸውን ያነሡ ሀስናና ሞላ ብቻ ነበሩ። አንቀጿ ባለችበት ቀረች።

"እንግዲያው የእኔን ስም ከዝርዝሩ አውጡልኝ" አለ ሞላ። "እኔና ቤቴ እንደ ሰዉ እንታከማለን።"

"የእኔንም!" አለች ሀስና።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ዮርዳኖስ ሁለቱንም ጻፈች። ሞላ ያን ቀን ቤቱ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። ነገሩን ሁሉ ሲነግራት ጥሩወርቅ፣ "ደግ አደረግህ" አለችው። ያን ጊዜ ግራ ጡቷ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ነገር በእጇ ከዳሰሰች ወር ሆኗት ነበር። አፍራ አልነገረችውም።

የነገረችው በታኅሣሥ ነው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጤና መኮንኑ ዳስሶ ፊቱ ተለወጠ፤ ሪፈሩን ወዲያው ጻፈላቸው። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታሉ ደረሱ። እዚያ፣ "የሚያያችሁ ስፔሻሊስት ነው፤ ቀጠሯችሁ ከዛሬ ዐሥራ ስምንት ቀን በኋላ" አሏቸው። በሦስተኛው ቀን ስለቀረቡ ተራቸውን የያዙ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። በቀጠሯቸው ቀን በሌሊቱ ተነሥተው በሚኒባስ ሄደው ሲሰለፉ የካርድ ክፍሉ ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና መለሰው።

"ቀኑ አልፎበታል አባቴ።"

"ዛሬ ኑ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁ?"

"ቀጠሮው የእኛ ነው። የወረቀቱ ዐሥር ቀን የወረዳችሁ ደንብ ነው፤ እንዲህ ካስተናገድኩ መድህኑ አይከፍልም። እንደ አዲስ አጽፋችሁ ኑ።"

ሞላ አልተከራከረም። ደንቡን ማን እንዳወጣው መጠየቅ የማያስፈልገው እሱ ብቻ ነበር። ጥሩወርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የመድህን ደብተሯን በላስቲክ እንደጠቀለለች ትጠብቀዋለች፤ ምን ብሎ ይንገራት?

"ተሳስተዋል" አላት። የዋሻት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲመለሱ መኮንኑ ሥልጠና ሄዶ ነበር፤ ሳምንት ጠበቁት። ሁለተኛው ወረቀት ሲጻፍ መንገዱ ተዘጋ። እኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ለምን ተዘጋ ተብሎ አይጠየቅም፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚባለው። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሲከፈት ይኸኛውም ወረቀት ቀኑ አልፎበት ነበር። ሽንብራዋም እንቁላል አክላለች።

"አንዱን በሬ ልሽጥና በግል ላሳይሽ" አላት።

"በምን ልታርስ? ደብተር እያለን!" አለችው። ደብተሩን ታምነው ነበር፤ የቀበሌውን ሴት ሁሉ ያስመዘገበች እሷ ናት።

ያኔ ሞላ ኮቱን ለብሶ ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በሩ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ።

"ዮርዳኖስ ልጄ፣ ያቺን ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። ለእኔ አይደለም፣ ለጥሩወርቅ ነው።"

የዮርዳኖስ ዓይን እንባ አቀረረ። "ጋሽ ሞላ፣ ስምዎ በጉባኤ ነው የወጣው። በጉባኤ ካልሆነ አይመለስም።"

"ጉባኤው መቼ ነው?"

"ሐምሌ ላይ።"

"አፈ ጉባኤውን ላናግራቸው?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አዲስ አበባ ናቸው። ኩላሊታቸውን ሊታዩ በደብዳቤው ሄደው።"

ሞላ ደብዳቤውን ሊለምን በመምጣቱ አፈረ፤ ስለተከለከለም አንጀቱ አረረ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡበት የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። "አንቺ ምን ታደርጊ፣ ተይው" ብሏት ወጣ።

በሦስተኛው ወረቀት ቀጠሮው በዐሥር ቀኑ ውስጥ ገጠመላቸውና፣ በሚያዝያ፣ ስፔሻሊስቱ አያት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ሞላን ብቻውን ጠራው። በሽታው ሳንባዋ ደርሷል፣ ጉበቷም ደርሷል አለው። "በታኅሣሥ አግኝቻት ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ማስታገሻ ጽፎ ሸኛቸው።

በሐምሌ ጉባኤው ተቀመጠ። የደንቡ አፈጻጸም ሪፖርት ተነበበ፤ ወደ ሆስፒታል የሚላከው ሕመምተኛ ቁጥር በግማሽ ቀንሷል ተባለ። ተጨበጨበ። ሀስና ዞር ብላ ሞላን አየችው። ከቀነሱት መካከል ጥሩወርቅ አለችበት፤ ሁለቱም አውቀዋል። ሞላ ተነሣ።

"ዐሥሩ ቀን ይነሣ" አለ። "ሰው ይጎዳል።"

አፈ ጉባኤው ድነው፣ ፊታቸው ወዝቶ መጥተዋል። ሲመልሱለት ክፋት አልነበረባቸውም።

"አቶ ሞላ፣ ሐሳቡ የእርስዎ አልነበረም እንዴ? ያጨበጨብንልዎት እኮ ነን!"

ሰዉ እንደ ወዳጅ ሳቀ። ቀጣዩ አጀንዳ የመንገድ ጥርጊያ ነበር። ሞላ ተቀመጠ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ተራራው ጠቆረና ጎርፉ ወረደ። ሞላ ከጥሩወርቅ አልጋ ተነሥቶ አካፋውን ይዞ ሮጠ። ውሃውን ከማሳ ማሳ ሲያሳልፍ የአንዱ ገበሬ የኑሀ ተራ ደረሰ፤ ኑሀ የለም። ውሃው ወደሚቀጥለው አለፈ። ውሃው ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው ኑሀ እያለከለከ መጣ።

"አያ ሞላ፣ እናቴን ጤና ጣቢያ አድርሼ ነው። ትንፋሽ አጥሯት... ወረቀት ሲያጽፉ ቆየሁ።"

ሰዉ ሁሉ ሞላን አየ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኑሀ ራሱ ያውቀዋል፤ አንገቱን ደፍቷል። የቀረው ተራ የዳኛው ብቻ ነበር። ሞላ ወደ ራሱ ማሳ ሄዶ የቦዩን አፍ በጭቃ ደፈነ፤ ውሃውን ወደ ኑሀ ማሳ መለሰው። የሌላውን ተራ ማዛወር አይችልም። የራሱን ግን የሚከለክለው ደንብ አልነበረም።

ቤት ሲገባ ጥሩወርቅ በበሩ በኩል ውጭ ውጭውን ታያለች።

"ማሳችን ጠጣ?"

"አልጠጣም። ለኑሀ ሰጠሁት። እናቱን ሊያሳክም ሄዶ ተራው አለፈበት።"

"ደግ አደረግህ" አለችው፤ እንደ ጥቅምቱ ቀን። ትንፋሿን ሰብስባ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ ልትወቅሰው አልነበረም፣ የእውነቷን ነው። "እዚያ ሆስፒታልስ እንዲህ የሚያደርግልን አንድ ሰው ጠፋ?"

ሞላ ጭቃ የያዘ እግሩን ሰብስቦ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ውጭ ውሃው ወደ ኑሀ ማሽላ እየገባ ነበር።