የሞተ ስልክ ያለው!

ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ስልክ ጠጋኞች መሃል ሴቷ ሉባባ ብቻ ነበረች። ምላሷም እጇም ፈጣን ነው። «ተቃጥሏል፣ አይሠራም» ብሎ ደንበኛ መመለስን እንደ ስድብ ትቆጥረዋለች።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዴ ሙስሊማ የሚባሉ ጫት ቸርቻሪ እናት አንድ አልበራ ያለ የቻይና ስልክ ይዘው መጡ። ልጃቸው አብዱላሂ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ ሦስት ወር። ሲም ካርዱን በሌላ ስልክ ከተው ቢጠብቁ የሚደውል የለም። አብሮት የሚሠራው የጓደኛው ቁጥር የተመዘገበው ሲሙ ላይ ሳይሆን እዚያ ስልክ ሆድ ውስጥ ነው። እሳቸው መጻፍ አይችሉም፣ ሌላ ቦታ አልያዙትም።

«ሞቶም ከሆነ ልወቀው። ስልኩን ብቻ አስነሺልኝ» አሏት።

ሉባባ ከፈተችው። ለስልኩ ኃይል የምታድለው፣ ከጥፍር የምታንስ ጥቁር ቁራጭ፣ ጠጋኞች «ፓወር አይሲ» የሚሏት፣ ተቃጥላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ዕቃው ከዱባይ ሃርጌሳ፣ ከሃርጌሳ በጅግጅጋ አድርጎ ጭሮ ይገባል። ያን ዓመት ግን በጅግጅጋ መስመር በተነሳው ግጭት መንገዱ ተዘጋ። መርካቶ ያለው ነጋዴ ጎበዜም «እህቴ፣ ውጭም ጠፍቷል፤ ፋብሪካው የአሮጌ ስልክ አይሲ መሥራት ትቷል» አላት። እንደ ምንም ፈልጎ ከወር በኋላ አንዷን በአውቶቡስ ላከላት።

ሉባባ ደስ ብሏት በየደቻት። ስልኩ ትንፍሽ አላለም። ቁራጯን ነቅላ በማጉያ ብታያት፣ የድሮ ጽሑፏ ተፍቆ ሌላ የታተመባት አስመሳይ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይኼ ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የተናደደችው በጎበዜ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለ የማታውቀው ሰው እስኪያዝንላት እጇን አጣጥፋ መቀመጧ ነው ያበገናት።

«አገሩ በሞተ ስልክ ተሞልቶ የምን ዱባይ ነው?» አለችና ሱቋን ቆልፋ ወጣች።

ጫት አድርሰው ባዶአቸውን በሚመለሱ መኪኖች እየተሳፈረች ሂርና ወረደች፣ መሰላ ዘለቀች። ገበያ መሃል ቆማ እንደ ቆራሌው «የሞተ ስልክ ያለው!» ትላለች።

«የሬሳ ነጋዴዋ መጣች» እያሉ ሳቁባት።

«አይዟችሁ፣ እናንተን አልገዛም። ውስጣችሁ አይሲ የለም።»

ያስቸገራት ሳቁ አልነበረም። ለካ ሰው የሞተ ስልኩን አይሰጥም! የሟች ፎቶ አለበት፣ ዐረብ አገር የቀረች እህት ድምፅ አለበት፤ አንድ ቀን ይነሳል ብሎ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል።

ያንኑ ዓይነት ስልክ ያገኘችው መቻራ፣ ዘይኑዲን ከሚባሉ ቡና ገበሬ ቤት ነው። መስተዋቱ ተሰብሮ እንጂ ውስጡ ደህና ነበር። ሽማግሌው ግን የሟች ሚስታቸው ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ እምቢ አሉ። ሉባባ አልለመነችም። ከቦርሳዋ ሌላ መስተዋት አውጥታ ገጠመችለት፣ ፎቶውን ወደ ራሷ ስልክ ገለበጠችው።

«ስልኩ እርስዎ ጋ ይቆይ። ፎቶዋን በወረቀት አሳጥቤ ሳመጣ ይሰጡኛል» አለቻቸው።

በዚያ አጥንት በሚያላላ መንገድ ጭሮ ተመልሳ አሳጠበችው፤ በሳምንቱ እንደገና መቻራ ሄደች። ዘይኑዲን ፎቶውን ብዙ አዩት። ከዚያ ስልኩን መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ጭሮ ስትደርስ ከዘይኑዲን ስልክ ቁራጯን በሙቅ አየር ነቀለች፤ አዴ ሙስሊማ አጠገቧ ተቀምጠው ሲያዩ እሳቸው ስልክ ላይ በየደቻት። ስልኩ በራ። የጓደኛውን ቁጥር አግኝታ ደወለችና ስልኩን ለእሳቸው ሰጠች፤ ልጄስ ብለው ጠየቁት።

«አብዱላሂ?» አለ ጓደኛው። «ታስሯል፤ ስልክ የለውም። ግን አለ፣ ደህና ነው።»

አዴ ሙስሊማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አለ በለኝ እስቲ እንደገና።»

«አለ፣ እናቴ።»

«እንደገና።»

ሂሳቡ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። ሉባባ ካርድ ልትገዛ ስትነሳ አዴ ሙስሊማ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

«ቆይ፣ አትሂጂ» አሉ። «ሁለቴ ‹አለ› ብሏል። መጀመሪያ እሱን ልያዘው።»