ባለ ፈቃዱና ወንድሙ

ሰውየው የብረት በር ይሠራል። በር ብቻም አይደለም፤ የመስኮት ፍርግርግ፣ አጥር ላይ የሚተከል ሹል ብረት፣ የሱቅ መዝጊያ፣ ሰው ሰውን ሲፈራ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከእሱ ግቢ ይወጣል። ሠራተኞቹ «ጋሼ» ይሉታል። ማዶ ካለው ሻይ ቤት የሚሰበሰቡት ጓደኞቹ ግን «ባለ ፈቃዱ» ነው የሚሉት፤ ከመካከላቸው የሽጉጥ ፈቃድ ቀድሞ ያወጣው እሱ ስለሆነ። እንዲህ ብለው ሲጠሩት ደረቱ ነፋ ይላል። ምን ይደረግ፣ ሰው አይደል?

ሽጉጡን የገዛው ለጌጥ አልነበረም። አንድ ጊዜ ሌቦች ግቢውን ሰብረው ገብተው የብየዳ ማሽኑን፣ የብረት መቁረጫዎቹን፣ ተሠርቶ ቀለም የሚጠብቀውን በር ሳይቀር ጭነውበት ሄደዋል። የበር ሠሪን በር! ፖሊስ ጣቢያ ቢደውል «መጣን» አሉት፤ የመጡት ግን በማግስቱ ከምሳ በኋላ ነው። አንደኛው እያዛጋ «የምትጠረጥረው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው፤ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና ሄደ። በቃ፣ ያኔ ነው ሰውየው የቆረጠለት። «ፖሊስ የሚመጣልህ ሬሳህን ሊያነሳ ነው፤ እስከዚያ ያለው ያንተው ጉዳይ ነው» ማለት ጀመረ። ሰለቸን እስኪሉት ድረስ ደጋገመው።

የሚገርመው፣ ይኸው ሰው ደግሞ የፖሊስ ጠበቃ ነበር። ፖሊስ ሰው ተኩሶ ጣለ ተብሎ ሻይ ቤቱ ሲታመስ፣ እሱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ ያስቀምጥና «እሺ፣ ጣል ሲሉት ለምን አልጣለም?» ይላል። «ፖሊስም እናት አለው፣ ፖሊስም ማታ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ጣል ካሉህ መጣል ነው። ምን ክርክር ያስፈልገዋል?»

«ከአፌ ነጠቅከኝ!» ይለዋል ወርቅ ሠሪው። እሱም ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሚታጠቅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ብርጭቆ ቢሰበር እንኳ እጁ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

መድኃኒት ቤት ያለው ጓደኛቸው ብቻ ነው አንዳንዴ የሚያንገራግር። «ቆይ እንጂ፣ እኛስ? ሌባ መጣብን ብለን ሽጉጥ ይዘን በር ላይ ብንቆም፣ የመጣው ፖሊስ በምን ያውቀናል? ባለቤት መሆናችን ግንባራችን ላይ ተጽፏል?»

«አንተ ደግሞ ሟርት ትወዳለህ!» ይሉትና ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሻይ ይደገማል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

የባለ ፈቃዱ ታናሽ ወንድም አብሮት ነበር የሚሠራው። ግቢያቸውም አንድ ነው፤ የሥራው ቦታ ከመንገዱ በኩል፣ መኖሪያው ከውስጥ፤ ታላቅየው ብቻውን በአንደኛው ክፍል፣ ታናሽየው ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር በሌላው። ሰፈሩ ለታናሽየው ያወጣለት ስም «ነጎድጓድ» ነው፤ ሲያወራ ይጮሃላ! «እንደምን አደርክ» ሲልህ የተጣላህ ነው የሚመስለው። ሥራው ብረት መቁረጥ ነበር። ጠዋት ያስነሳው መቁረጫ ማታ ነው የሚጠፋው፤ ጆሮውን አንድም ቀን ሸፍኖት አያውቅም፣ «ይሄ የሕፃን ነገር ነው» እያለ። ከኋላው ቢጠሩት አይዞርም። ፊት ለፊት ከሆነ ግን ከንፈር እያየ ቀልጠፍ ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ሁሉም «እሱ እኮ ሲፈልግ ይሰማል» ብለው ደምድመዋል። ሚስቱማ ከሁሉ ትብሳለች፦ «ከጓዳ ሆኜ ‹ውሃ አቀብለኝ› ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ! ምሳ ሲቀርብ ግን ማንም ሳይጠራው ከች!»

እውነቱን የሚያውቀው ታላቅየው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ላሜራ ከእጁ አምልጦት፣ ልክ ከወንድሙ ጀርባ ወደቀ። ጎረቤት ሳይቀር ደንግጦ ወጣ። ነጎድጓድ ግን ጎንበስ እንዳለ መለካቱን ቀጠለ። በኋላ ለብቻው ይዞት «ጆሮህን ሐኪም ይየው» ቢለው፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ በናትህ ለማንም እንዳትነግር። ደንቆሮ እየተባልኩ ልኑር?» አለው። እሺ አለው። ከዚያማ ሥራው አለ፣ ኑሮው አለ፣ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ቀረ።

አደጋው የደረሰ ዕለት ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው፣ የታናሽየው ሚስት ገበያ ሄዳ፣ ወንድማማቾቹ ብቻ ቀርተው ነበር። ሁለት ጎረምሶች፣ አንደኛው ገጀራ ይዞ፣ በጓሮ በኩል ግንቡን ዘለው ገቡ። ታላቅየው ከቢሮው መስኮት አያቸው። ቢሮ እንላለን እንጂ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ሽጉጡን አወጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሻይ ቤት እንደሚያወራው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እግሩ አልታዘዝ አለው። ያ ሁሉ ፉከራ የት እንደገባ እንጃ! ወንድሙ ጎረምሶቹን አይቶ ሮጦ ሲገባ ሽጉጡን እጁ ላይ አስጨበጠውና፣ ከንፈሩን እንዲያይ ፊቱን አቅርቦ «አንተ ውጣ፣ እኔ ፖሊስ ልጥራ» አለው።

ነጎድጓድ ለአፍታ ትክ ብሎ አየው። ጋሼው ፈርቶ አይቶት አያውቅም። ከዚያ ወጣ። ታላቅየው በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ደወለ፤ «ድረሱልን፣ ሊጨርሱን ነው!» አለ።

ሌቦቹ ሽጉጥ ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ብለው በገቡበት ተመለሱ። ነጎድጓድ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። በመንገዱ በኩል ዞረው እንዳይመጡ ብሎ ከዋናው በር ወጣና ሽጉጡን እንደያዘ ቆመ። እና በሉ ጉዴን ስሙ፣ ፖሊስ ዕድሜውን አድርጎት የማያውቀውን አድርጎ፣ ያን ቀን ፈጥኖ ደረሰ! ለጥበቃ የሚዞር መኪና አቅራቢያ ነበር፤ በጎን ካለው ቅያስ ወጥቶ ከነጎድጓድ ጀርባ ቆመ።

«መሳሪያህን ጣል!»

ታላቅየው ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሰማ። መጀመሪያ ያለው «እፎይ፣ መጡ» ነው።

«ጣል! ጣል እልሃለሁ!»

ያኔ ነው የገባው። ወንድሙ አይሰማም። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው፣ የማንንም ከንፈር አያይም። «አይሰማም!» ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። መቀርቀሪያውን ሊስብ ሲል እጁ ተንሸራተተ። ሦስተኛውን «ጣል» እየሰማ በሩን በርግዶ ሲወጣ፣ ነጎድጓድ መሬቱ ላይ የሰው ጥላ አይቶ ይሆናል፣ ሽጉጡን እንደያዘ ዞረ። ተኩሱ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ሰውየው ሮጦ ሲደርስ ወንድሙ ገና ነፍሱ አልወጣችም። ዐይኑ ከሱ ከንፈር ላይ ነበር፤ የሚለውን ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ምንም አላለውም። እንደዚያ እየጠበቀው ሞተ።

የተኮሰው ገና ልጅ ፖሊስ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ «ሦስት ጊዜ ነገርኩት! ሦስት ጊዜ!» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አለቃው መጣና ሰውየውን ወደ ጎን ወስዶ፣ «ሽጉጡን ማን ሰጠው?» አለው።

«ከመሳቢያው ራሱ አንስቶ ወጣ» አለ ሰውየው። አስቦበት አይደለም፤ ውሸቱ ከአፉ አምልጦ ወጣ። አለቃው «ጆሮውስ ደህና ነው?» ብሎ የተሰበሰበውን ሰው ሲጠይቅም፣ «እሱ እኮ ሲፈልግ ይሰማል» አሉት። ሰውየው ዝም አለ። በቃ፣ በዚህ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚወራው ይህ ነው፦ ነጎድጓድ የወንድሙን ሽጉጥ አንስቶ ወጣ፣ ፖሊስን እምቢ አለ፣ ሞተ።

ወርቅ ሠሪው ሊያጽናናው መጣ። ከንፈሩን መጠጠና «ነፍሱን ይማረው፤ ግን ምን ነበር ቢጥለው? ፖሊሱስ ምን ያድርግ?» አለ። ሰውየው «እውነትህን ነው» ብሎ አቀረቀረ። የሞተው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱም ያንኑ ነበር የሚለው፤ ያውም ብርጭቆ እያንኳኳ። መድኃኒት ቤት ያለው ጓደኛቸው እጁን ጨብጦት ሄደ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱን አልረገጠም።

ከሁሉ የከፋው ግን የወንድሙ ሚስት ነበረች። አላለቀሰችም፤ ተናደደች። «ማን ሽጉጥ አንሳ አለው? ማን ውጣ አለው?» ትላለች ሳህን እያጠበች፣ ልብስ እያጠፈች። «ጀግና ሊባል! ጣል ሲሉት ቢጥለው ምን ይጎድልበት ነበር? እልኸኛ! እኔንና ልጁን ለእልኩ ሸጠን።» ልጅቷ አባቷን ስታነሳባት ደግሞ «አባትሽ እኮ ጥሎሽ ነው የሄደው፣ ወዶ» ትላታለች። ልጅቷም እየቆየች ማንሳቱን ተወችው። ከዚያ ደግሞ ወደ ሰውየው ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ስትለው! አንጀቱን የምትበላው ይህቺ ናት። ባሏን ስትረግም ይሰማል፣ እሱን ስታመሰግን ይሰማል። ስንቴ ሊነግራት እንደተነሳ እሱ ነው የሚያውቀው። በሯ ድረስ ይሄድና «አምፖሉ ይሠራል?» ብሎ ይመለሳል። ፈሪ! ራሱን የሚጠራው በዚህ ስም ነበር።

በመጨረሻ ከፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። ጥሩ፣ አለ ለራሱ፤ እዚያ ልናገር፣ ይሰሩኝ፣ ወንድሜ ስሙ ይጥራ፤ ከዚያ ለእሷ መንገሩ ይቀለኛል። ጠዋት ሲወጣ የተረጋጋ ሰው ይመስል ነበር።

መርማሪው ጡረታ የደረሰ፣ ደከም ያለ ሰው ነው። ሰውየው ወንበር እንኳ ሳይስብ «ሽጉጡን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለው። ላሜራውን፣ ፍርሃቱን፣ መቀርቀሪያውን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። መርማሪው አላቋረጠውም።

«ፋይሉ ተዘግቷል» አለው ሲጨርስ።

«ይከፈታ!»

«ተከፍቶ ምን ይሁን? ልጁ በደንቡ ነው የተኮሰው። አስጠነቀቀ፣ አልታዘዘም፣ መሳሪያ ይዞ ዞረበት። ወደ ሥራው ተመልሷል። እንቅልፍ እምቢ ብሎታል አሉ፤ ቢሆንም ተመልሷል።»

«አልታዘዘም አትበለኝ፣ አልሰማም ነው እኮ የምልህ! ደንባችሁ ለማይሰማ ሰው ምን ይላል?»

መርማሪው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ለማይሰማ ሰው ሽጉጥ አይሰጥም ይላል» አለው። በክፋት አልነበረም።

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲያው እሰሩኝ» አለ።

«አንተን አስሬ የዚያችን ሴት ቤት ማን ያስተዳድር? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። የጠራሁህ ለዚህ ነው» ብሎ፣ መርማሪው በፕላስቲክ የታሸገ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሽጉጡ ነው። «ፈቃድህ የጸና ነው። ውሰድ።»

«አልፈልገውም። እዚሁ ይቅር።»

«ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ዕቃ አይቀመጥም። ንብረትህ ነው፤ ውሰድልን።»

በቦርሳ ይዞት ተመለሰ። በአውቶቡሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አጠገቡ ያለች ሴትዮ እንዳትነካው በሁለት እጁ አቅፎት ነበር። ግቢ ሲገባ የወንድሙ ሚስት የልጅቷን ዩኒፎርም አጥባ ገመድ ላይ ትሰቅላለች። «መጣህ ጋሼ? ምን አሉህ?» አለችው።

ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻለም። «አይሰማም ነበር» አላት። «እኔ አውቅ ነበር። ሽጉጡንም እሱ አላነሳውም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ፈርቼ፣ ውጣልኝ ብዬው ነው የወጣው። ከዚያ በሩን ቆለፍኩ።»

ሴትዮዋ ልብሱን አልጣለችም። ሰቀለችው፣ እጅጌውን አስተካከለችው፣ መቆንጠጫውን አደረገችበት። ከዚያ ዞር ብላ አየችው።

«እኔ ስረግመው» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር።»

«እሰማሽ ነበር።»

ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ደስ ባለው! ገብታ በሩን ዘጋችው። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ለቅሶዋ ተሰማ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ለቅሶ። «ይቅር በለኝ! የኔ ጌታ፣ ይቅር በለኝ!» ትላለች። ባለ በሌለ ድምፅዋ ነው የምትጮኸው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪቆም ድረስ ነው የምትጮኸው።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ጋ ደረሰችና ቀጥ ብላ ቆመች። «እማዬ ማንን ነው እንዲህ የምትለው?» አለችው በፍርሃት።

«አባትሽን። ይቅርታ እየጠየቀችው ነው» አላት።

«ምን አድርጋው?»

ሰውየው ቦርሳውን እንዳቀፈ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። «እሷ ምንም አላደረገችም» አለ። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»