ለባለቤቴ ጠመንጃ ስኮፕ ስመርጥ

ባለቤቴ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ልብሱን ለሰደቃ ሰጠነው። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሴቶች እያጣጠፉ በከረጢት ሲከቱ እኔ ተቀምጬ እመለከት ነበር። ሸሚዞቹ፣ ጫማዎቹ፣ ለአደን የሚለብሰው ወፍራም ጃኬት፣ ሁሉም አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ላሉ አዲስ ገቢ ስደተኞች ሄደ። ጃኬቱ ለምን እንዲህ ከበደ ያለ ሰው አልነበረም። ውስጥ ኪሱ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ የጠመንጃው ስኮፕ ነበር።

ስኮፕ የምለው ጠመንጃ ላይ ታስሮ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር ነው። ማሰሪያው ስለላላ ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ፈትቶት ነበር፤ መልሶ ሳያስረው ሆስፒታል ገባ። እኔ ትዝ ያለኝ ልብሱ ከሄደ ከወር በኋላ ነው።

«ማሚ፣ ጀስት ደውይና ጠይቂያቸው» አለችኝ ልጄ።

«ሰደቃ ተመልሶ አይጠየቅም።»

«ሰደቃ ያደረግሽው እኮ ጃኬቱን ነው፤ ስኮፑን አይደለም።»

«እና ሰውዬውን መንገድ ላይ አስቁሜ ኪሱን ልፈትሸው?»

እሷ ጠመንጃውም አብሮ ከቤት ቢወጣላት ደስታዋ ነው።

እኔ ግን እፈልገው ነበር። ባለቤቴ በየዓመቱ የሚጥላትን የመጀመሪያዋን አጋዘን በሟች ወላጆቹ ስም ሰደቃ ብሎ ለጎረቤት ያከፋፍል ነበር። ስድስት ዓመት አብሬው ጫካ ተቀምጫለሁ። ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ሁለት አጋዘን በእጄ ጥያለሁ። የዘንድሮዋን በእሱ ስም ማከፋፈል ፈለግሁ። ከዚያ ሌላ ላደርግለት የምችለው ነገር አልታየኝም። የአደኑ ወቅት ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ዒዳዬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት አራት ወር ከአሥር ቀን፣ የሚያልቀው ደግሞ ኖቬምበር መጨረሻ ነበር።

ቤት ተቀምጬ በስልኬ ስለ ርካሽ ስኮፕ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ አየሁ። ከመቶ ሃምሳ ዶላር በታች ምን ይገዛል እያሉ የሚከራከሩ ጺማም ሰዎች ናቸው። አንዱ የሚያመሰግነውን ሌላው ቆሻሻ ይለዋል። አንዱ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ሌላው ከመኪና ጣሪያ ላይ ይጥለዋል። የዓይን መነጽር ያደረገች የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት እንዴት ታነጣጥር የሚል ግን አንድ አላገኘሁም። የእኔ ችግር እሱ ነበር። ዓይን ስኮፑን በጣም ከተጠጋ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ ይሰነጥቃል፤ ከራቀ ደግሞ ምስሉን ከዳር ጥቁር ጥላ ይበላዋል። እኔን መነጽሬ መሃል እየገባ ያርቀኛል።

ዒዳዬ ባለቀ በሁለተኛው ቀን ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ በሚሠራበት ታክሲ ወደ ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ ወሰደኝ። ሱቁ ከቡፎርድ ሃይዌይ ብዙም አይርቅም። ዋርሳዬ በሕይወቱ ተኩሶ አያውቅም። ሻጩ ሽበታምና ትሁት ሰው ነው። እኔ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ለዋርሳዬ ይመልሳል። ዋርሳዬም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

ሻጩ ሦስት ስኮፕ አወጣ። አንዱ ሮዝ ቀለም የተቀባ ነው፤ «ለእመቤቷ» አለ። ወደ ጎን ገፋሁት። ሁለተኛው አጭር፣ ከሦስት እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚያቀርብ ነው። ሦስተኛው ክንድ ያህላል፤ ከስድስት እስከ ሃያ አራት እጥፍ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

«እታለም፣ ሃያ አራት እያለ ዘጠኝ ምን ያደርግልሻል?» አለ ዋርሳዬ።

«አጋዘኗ ሩቅ አይደለችም እኮ። ጫካ ነው።»

«ብትርቅስ? ቅርቡንማ በዓይንሽም ታዪዋለሽ።»

«በትልቁ ሳይ ምስሉ ይጠቁርብኛል።»

«ይለመዳል። ወንድሜ ቢሆን ትልቁን ነበር የሚያነሣው። ትንሽ ነገር መቼ ይወድ ነበር?»

ባለቤቴ ትንሹን ነበር የሚያነሣው። የድሮው ስኮፕ ኪስ የገባው እኮ ትንሽ ስለሆነ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን አራት ወር ሙሉ ሰው ስለ እሱ ምንም ቢናገር እሺ ማለት ለምጄ ነበር። ትልቁን ገዛን። ሻጩ ጥሩ ምርጫ ነው ብሎ እጁን ለዋርሳዬ ዘረጋለት።

የተኩስ ልምምድ ቦታ ከጠረጴዛ ላይ ሆኜ ስተኩስበት ክፉ አልነበረም። የዒላማ ወረቀት አይንቀሳቀስም። በተከታዩ ቅዳሜ ባለቤቴ ያድንበት ወደነበረው የአንድ ገበሬ መሬት ሄድን። ዋርሳዬ አዳኞች ከሩቅ ለመታየት የሚለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቆ ከጎኔ ተቀመጠ። ፀሐይ እንደወጣች አንዲት አጋዘን ከጥዶቹ መሃል ወጥታ አርባ እርምጃ ላይ ቆመች። ጠመንጃውን አነሣሁ።

«ተኩሺ» አለ በሹክሹክታ።

«የቱን?»

«አጋዘኗን ነዋ።»

«የሚታየኝ ጸጉር ነው።»

ስኮፑ በዝቅተኛው ቁጥር እንኳ ሞልቶ የሚያሳየኝ ቡናማ ጸጉር ብቻ ነበር። ትከሻ ይሁን ሆድ አይለይም። ጥላው ከዳር እየገባ ግማሹን ወሰደው። ጥቂት ፈቀቅ ሳደርገው የሚታየኝ የዛፍ ቅርፊት ሆነ። ቀና ስል አጋዘኗ ጭራዋን አቁማ ሄዳለች።

መኪና ውስጥ ዋርሳዬ «ጸጉሩን ብትመቺው እኮ ሥሩ ሥጋ አለ» አለኝ።

«ሆዷን መትቻት ሄዳ የማላገኛት ቦታ ብትሞትስ? ያ ለማን ሰደቃ ይሆናል?»

በእሱ ተናድጄ ነበር፤ በሻጩም፣ በጺማሞቹም፣ ከሁሉም በላይ እያወቅሁ እሺ ባልኩት በራሴ። አትላንታ ስንገባ ደግሞ በባለቤቴ ተናደድኩ። አንዲት ብሎን ማጥበቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለምን ፈትቶ ኪሱ ከተተው? በሞተ ሰው መናደድ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም። ተናደድኩ።

ሰኞ አመሻሹ ላይ ብቻዬን ነድቼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ የስኮፑን ሣጥን ሲያይ «ባለቤትሽ አልወደደውም?» አለኝ።

«ባለቤቴ ሞቷል። ያልወደድኩት እኔ ነኝ።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየ። ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም ሁለት አጫጭር ስኮፖች አውጣልኝ አልኩት። በርህ ላይ ቆሜ እስኪመሽ ልያቸው ስለው ትከሻውን ነቀነቀና አብሮኝ ወጣ። አጋዘን የምትወጣው በንጋትና በምሽት ነው፤ ሱቅ ውስጥ በመብራት ሥር ሁሉም ስኮፕ ጎበዝ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት የሥራ ሰዓቱን በደቃቅ ፊደል በሩ ላይ ጽፏል። መነጽሬን ሳላወልቅ አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው አየሁት። ቀኑ ሲደበዝዝ በአንደኛው ፊደሎቹ ቀድመው ግራጫ ሆኑ። በሁለተኛው፣ የመግሪብ ሶላት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ አነበብኩ። ክቡ ምስልም ሙሉ ነበር፤ ጥላ የለውም።

«ይኼ» አልኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አደኑ ሊዘጋ በቀረው የመጨረሻ ቅዳሜ ዋርሳዬ ሳልጠራው መጣ። ስለ ስኮፑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ንጋት ላይ አንዲት አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣች። በስኮፑ ውስጥ ከነእግሯ፣ ከነጆሮዋ ታየችኝ። ከፊት እግሯ ኋላ አነጣጠርኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ካለችበት ወደቀች። ዋርሳዬ ቢላውን ይዞ ሮጠና ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ አረዳት።

እጁን በቅጠል እየጠረገ «እታለም፣ ማን ጣላት ካሉኝ ምን ልበል?» አለ።

«ማን ጣላት?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው እሱን በል።»

«የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሴት እጅ ነው ብለው ሥጋውን እንዳይተዉት ብዬ እኮ ነው።»

«ቢላው የአንተ ነው፣ ጥይቱ የእኔ፣ ሰደቃው የወንድምህ። አንዱንም አትደብቅ።»

በማግስቱ የሥጋውን ከረጢቶች ይዤ በየበሩ ዞርኩ። ከጠየቁኝ የምመልሰውን ሌሊቱን ሙሉ አዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አላህ ይዘንለት ይላሉ፣ ይቀበላሉ፣ ይዘጋሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ለባለቤቴ ረጅም ዱዓ ካደረጉ በኋላ «ዋርሳሽንም አላህ ይስጠው፤ የወንድሙን ቦታ ያዘ» አሉኝ።

«የጣልኳት እኔ ነኝ፣ እማማ።»

እጃቸው ከረጢቱ ላይ ቆመ። «አንቺ? በመነጽር አይደል እንዴ የምታዪው?»

«ነው።»

መነጽሬን አዩ፣ እጄን አዩ። ከዚያ ከረጢቱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። «እሱ ነው ያስተማረሽ፤ አላህ ይዘንለት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አሚን አልኩ። ያም ሆኖ፣ የእኔን እጅ ሳያነሡ ስለቀሩ፣ ደረጃውን የወረድኩት እየተናደድኩ ነበር፤ ገና የማንኳኳው ሦስት በር ቀርቶኛል።